ደጅ ያላደረው ግንድ

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ይባላል። አሱንታ ከአውቶቡሱ አንድ እግሯን አውርዳ ሁለተኛውን ሳትደግም ያየችው፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ስሙ በቤቷ እንዳይነሳ የከለከለችውን ሰው ነበር።

ካታልዶ!

እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ፣ የዓሣ ቅርፊት የተለጠፈበት ሽርጥ አስሮ፣ ሹፌሩ ላይ ይጮሃል።

«ይሄን ሳጥን ከፊቴ አንሳልኝ! ባሕሩን ጋረድከው እኮ! ደንበኞቼ ምን እያዩ ይብሉ? የአንተን ጎማ?»

ሹፌሩ ሳቬሪዮ ጆሮ አልሰጠውም። ከመቀመጫው ሥር ሁለት ድንጋይ አውጥቶ፣ ተንበርክኮ ጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል። ሮካልታ ገደል ጫፍ ላይ የተሰቀለች ከተማ ትሁን እንጂ አናቷ ሜዳ ነው። አደባባዩ ላይ እንቁላል ብታስቀምጥ ካስቀመጥክበት አይነቃነቅም።

«ሜዳ ላይ ታኮ?» ካታልዶ ሳቀበት። «አውቶቡስህ ሊኮበልልብህ ነው እንዴ?»

«የካስታኛራ ሰው ታኮ ሳያደርግ ምሳውን አይበላም» አለ ሳቬሪዮ ቀና ሳይል።

«ድንጋይ ራሶች!»

«የዓሣ እሾህ!» የሚል ድምፅ ከአውቶቡሱ መስኮት መለሰለት። የአሱንታ እናት የእማማ ሮዛሪያ ድምፅ ነው። «ሰላም ለማለት ሳንወርድ ትሰድበናለህ? አሳዳጊ የበደለህ!»

ካታልዶ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ በሩ ላይ የቆመችውን አየ። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«አንቺ...»

«እኔ» አለች አሱንታ።

«እስከዛሬ ሳላይሽ ደህና ከርሜ ነበር።»

«እኔም እስከዛሬ ጠዋት ጤነኛ ነበርኩ።»

«ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«ከደብሩ ጋር ባሕር ለማየት። ባሕሩ የአንተ ነው?»

ካታልዶ መሬቱ ላይ እንትፍ አለና ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ምግብ ቤቱ ገባ። አሱንታም ሁለተኛ እግሯን አወረደች።

የአጎቷ ልጅ ሚኬሊና ተከትላት ገደሉ ጫፍ ላይ እስካለው የብረት አጥር ድረስ ሄደች። ከታች ባሕሩ ዓለቱን እየመታ ይመለሳል። አሱንታ አጥሩን በሁለት እጇ ጨብጣ ባሕሩን ሳይሆን የራሷን ጣቶች ታያለች።

«ከሳ አይደል?» አለች ሚኬሊና።

«አላየሁትም።»

«ጢም አሳድጓል።»

«አላየሁትም አልኩሽ!»

«እሺ። ሚስት ግን የለችውም።»

«አንቺ ደግሞ... ገና መውረዳችን ነው፣ መቼ ጠየቅሽ?»

«ለዚህ ዓይነቱ ነገር እኔ ጊዜ አይፈጅብኝም።»

አሱንታ ልትቆጣት ፈለገች። እንባዋ ቀደማት። ከንዴት ነው፣ ከሌላ አይደለም ብላ ለራሷ ነገረችው። ታሪኩን የምነግራችሁ እኔ ግን አላመንኳትም።

ከሰባት ዓመት በፊት ካታልዶ አርብ አርብ በባለ ሦስት እግር መኪናው ዓሣ ጭኖ ወደ አሱንታ መንደር ወደ ካስታኛራ ተራራውን ይወጣ ነበር። ጥሩንባውን ሲነፋ የካስታኛራ ሴቶች ሳህናቸውን ይዘው ይወጣሉ። እሱ ሁሉንም ሸጦ ሲያበቃ፣ «ይቺ ገዢ አጣች» እያለ ከሁሉ የሰባችውን ዓሣ ለአሱንታ ያቀብላታል። አንድ አርብ፣ ሁለት አርብ... እናቷ እንኳ፣ «ይሄ ልጅ ገዢ የሚያጣው እኛ ቤት ሲደርስ ብቻ ነው» ማለት ጀመረች።

«እወድሻለሁ» አላት በመጨረሻ።

«ወሬ ነው። ከልብህ ከሆነ እንደ ሰው ግንድህን ደጄ ላይ አስቀምጥ» አለችው።

በካስታኛራ እንዲህ ነው። ልጅቱን የፈለገ ወንድ ወፍራም ግንድ ቆርጦ፣ ቀይ ሪባን ቸንክሮበት፣ ሳይነጋ ደጇ ላይ ያጋድመዋል። ቤተሰቡ ግንዱን ወደ ውስጥ ካስገባ፣ «ና» ማለት ነው። ደጅ ላይ ከተወው፣ «ይቅርብን» ማለት ነው። ቁልቁል ካንከባለለው ደግሞ፣ «ዳግመኛ እግርህ እንዳይደርስ» ማለት ነው። ግንዱ የተንከባለለበት ወንድ የሠርግ ቤት መሳቂያ ሆኖ ይቀራል። ካታልዶ የባሕር ልጅ ነውና ይህን ሁሉ የነገረችው አሱንታ ናት።

«እሁድ ሲነጋ በርሽን ክፈቺ» ብሏት ሄደ።

ሌሊቱን ዘነበ። አሱንታ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር አደረች። ሲነጋ ቀሚሷን ቀይራ፣ ፀጉሯን አበጥራ በሩን ከፈተች። ዝናብ ያጠበው ባዶ ደጅ ነው የጠበቃት። ዝናቡ አዘግይቶት ይሆናል ብላ እስከ ማታ ጠበቀች። እስከ አርብ ጠበቀች። ጥሩንባው አልተነፋም። ካታልዶ ያንን ተራራ ዳግም አልወጣም። መንደሩ ግን እንኳን ይህን የመሰለ ነገር ትንሹንም አይምርም።

«አሱንታ፣ ግንድሽ ዋኝቶ ሄደ እንዴ?» ይሏት ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ያንን ሰማች። ቅስሟ ተሰብሮ ቀስ በቀስ ተጠገነ፣ የተጠገነው ግን ጠማማ ሆኖ ነው። ዓሣ በአፏ አልዞር አለ።

አሁን ደግሞ ኮዚሞ አለ። ወፍጮ ቤት ያለው፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ቅንድቡ ሁልጊዜ ዱቄት የለበሰ ረጋ ያለ ሰው። ጠይቋታል። እሁድ መልስ ይጠብቃል። አሱንታም እሺ ልትለው ወስናለች። ወደ ሮካልታ እንድትሄድ ያስገደደቻት እናቷ ናት።

«ሰው እየሸሸ አያገባም» አለቻት። «ያንን ባሕር በዓይንሽ እይው። ከፈለግሽ ምራቅሽን ትፊበት። ከዚያ መጥተሽ ለኮዚሞ የምትዪውን በይ።»

እንግዲህ ልትተፋ መጥታ ነው አጥሩን የሙጥኝ ያለችው።

ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ የካስታኛራ ሰዎች አጥሩ ሥር ጨርቃቸውን ዘርግተው ከቤት ያመጡትን ዳቦ፣ ቋሊማና ብርቱካን መብላት ጀመሩ። ከላይ ከአንድ መስኮት አንዲት ሴት ጮኸችባቸው።

«ልጣጫችሁን እዚህ እንዳትጥሉ! በየዓመቱ የእናንተን ልጣጭ መጥረግ ሰልችቶናል!»

«ልጣጭማ ይዘን እንሄዳለን! ከእናንተ ከተማ ይልቅ ለአሳማዎቻችን ይጠቅማል!» አለች እማማ ሮዛሪያ።

«ሮዛሪያ፣ ለእግዜር ስትዪ!» አባ ኮስታንቲኖ እጃቸውን አነሱ። ጉዞውን ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። «ለፍቅር ነው እኮ የመጣነው።»

«እኔም በፍቅር ነው የመለስኩላት አባ።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ ግን ፊቷ ነጣ። ሙቀቱ ነው። ተራራ ላይ ያደገ ሰው የባሕር ዳር ፀሐይ አይችልም። ሚኬሊና በመሀረቧ አራገበችላት፣ አልሆነም። ጥላ ያስፈልጋታል። በዚያ አደባባይ ደግሞ አንድ ጥላ ብቻ ነው ያለው፤ የካታልዶ ምግብ ቤት ሸራ።

አሱንታ ጥርሷን ነክሳ እናቷን ደግፋ ሄደች። ሞት ይሻለኝ ነበር እያለች ነው የሄደችው።

ካታልዶ ከሩቅ አያቸው። ወንበር ስቦ እማማ ሮዛሪያን በክንዷ ይዞ አስቀመጣት። ሎሚ የተጨመቀበት ቀዝቃዛ ውሃ አመጣላት። ያ ሁሉ ጩኸቱ የት እንደገባ እንጃ፣ እጁ ለስላሳ ነበር።

«ቀስ ብለው ይጠጡ እማማ።»

እማማ ሮዛሪያ ጎንጨት አለች። «ውሃህ ጨው ጨው ይላል።»

«ሎሚ ነው።»

«እንግዲያው ሎሚህ ጨው ጨው ይላል» አለችና እስከ መጨረሻው ጨለጠችው። ከዚያ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

አሱንታ ቆማ ቀረች።

«ለእኔስ ወንበር የለም?»

«አልቋል» አለ ካታልዶ። በዙሪያው ያለው ወንበር ሁሉ ባዶ ነበር።

«አያለሁ።»

«ለእሳቸው ጥላ አለ። አንቺ ግን እዚያ ከፀሐዩ ጋር ተስማሚ።»

ደሟ ፈላ። እንኳን ወንበር፣ ዙፋን ቢሰጣት አትቀመጥም ነበር። ግን «የለም» ስለተባለች መቀመጥ አማራት። ዙሪያዋን ቃኘች። ከበሩ ጎን፣ ዓሣ በሚያጥብበት ቧንቧ ሥር፣ አንድ ወፍራም ግንድ ቆሟል። ላዩ በቢላዋ ተቆራርጧል። የዓሣ ራስ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን ተቀምጦበታል። ሄዳ ሳህኑን መሬት አወረደችው።

«እሱን አትንኪ!» አለ ካታልዶ።

ድምፁ የቁጣ አልነበረም። የፈራ ሰው ድምፅ ነው። አሱንታ ደነገጠችና ግንዱን ልብ ብላ አየችው። ጎኑ ላይ የዛገ ምስማር አለ። ምስማሩ ሥር ቀለሙ የሸሸ የሪባን ቁራጭ ተጣብቋል። ከእሱ በታች፣ ቅርፊትና ጨው ከሸፈነው እንጨት ላይ፣ በቢላዋ የተቀረጸ አንድ ፊደል ይታያል። በአውራ ጣቷ ጠረገችው። የስሟ የመጀመሪያ ፊደል ነው።

ጣቷን ከፊደሉ ላይ አላነሳችም።

«ይሄ ምንድነው?»

«መክተፊያ።»

«ካታልዶ... ይሄ ምንድነው?»

«ታውቂዋለሽ!» አለ፣ ሰባት ዓመት የታመቀው ሁሉ ገነፈለበት። «ቁልቁል የላክሽውን ረሳሽው? እኔ ግን እንዳልረሳው በየቀኑ የዓሣ አንገት እቆርጥበታለሁ! በየቀኑ!»

«እኔ? እኔ ምን አደረግኩ?»

«በዝናብ በትከሻዬ ተሸክሜ ደጅሽ ላይ አጋደምኩት! ሲነጋ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ስመጣ የት አገኘሁት? ከመንገዳችሁ ግርጌ፣ ልብስ ማጠቢያው ሥር! ሪባኑ ጭቃ ለብሶ!» ድምፁ ተሰነጠቀ። «ባትፈልጊኝ ምናለ ደጅሽ ላይ ብትተዪው? ዝም ብዬ ወስጄው እሄድ ነበር እኮ። ማንከባለል?... እኔን?»

«ደጄ ላይ ምንም አልነበረም!»

«አትዋሺ!»

«እናቴ ትሙት! በሩን ስከፍት ባዶ ነው! እስከ ማታ ቆሜ ጠበቅኩህ! እስከ አርብ ጠበቅኩህ! ሰው ሁሉ ሳቀብኝ፣ አንተ አታላይ!»

«እኔ ነኝ አታላይ?»

«አዎ አንተ!»

አሱንታ ዓይኗን ከፊቱ አሽሽታ ወደ አደባባዩ አዞረች። አውቶቡሱ ሜዳው ላይ ቆሟል። ከጎማው ሥር የሳቬሪዮ ሁለት ድንጋዮች ተሸጉጠዋል። አየቻቸው... ግንዱን አየች... ወደ ድንጋዮቹ ተመለሰች።

«ካታልዶ...» አለች በቀስታ። «ታኮ አድርገህበት ነበር?»

«ምን?»

«ግንዱ ሥር። ድንጋይ። አድርገህ ነበር?»

«የምን ድንጋይ? ግንድ አስቀምጥ አልሽኝ፣ ግንድ አስቀመጥኩ!»

አሱንታ አፏን በእጇ ያዘች። መንገዳቸው ቁልቁለት ነው። በካስታኛራ ጋሪ ሲቆም ታኮ ነው፣ በርሜል ሲወርድ ታኮ ነው፣ ሕፃን እንኳ ብርቱካኑን መሬት ሲያኖር ጠጠር ያስደግፈዋል። ግንድ ደጅ የሚያኖር ጎረምሳ ከግንዱ በፊት ድንጋዩን ነው የሚመርጠው። ይህን ለማንም ማንም ነግሮት አያውቅም።

«ማንም አላንከባለለብህም» አለች። እንባዋ ወረደ። «ራሱ ነው የሄደው... ራሱ ነው የተንከባለለው፣ አንተ ጅል!»

ካታልዶ ግድግዳውን ተደገፈ። ፊቱ ግድግዳውን መሰለ።

«አልነገርሽኝም» አለ።

«ምኑን ልንገርህ? ውሃ ቅዳ ለተባለ ሰው እንስራ ያዝ ይባላል?»

«እኔ የሜዳ ሰው ነኝ! እዚህ ያስቀመጥከው ነገር ስትመለስ ካስቀመጥክበት ነው የምታገኘው!»

«ታዲያ ለምን ወጥተህ አልጠየቅከኝም?»

«የተንከባለለበት ወንድ ደጁን ተመልሶ ያንኳኳል? አንቺስ? መንገዱ እኮ እዚሁ ነበር! ለምን ወርደሽ አልሰደብሽኝም?»

«ሴት ልጅ ግንዷን ፍለጋ አገር ለአገር ትዞራለች?»

ይታረቃሉ ብሎ የጠበቀ ካለ አልገባውም። እውነት ሲታወቅ መጀመሪያ የሚመጣው ደስታ አይደለም፣ ንዴት ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ የጠሉት ሰው ሳያጠፋ መገኘቱ ያንገበግባል።

«አግብተሻል?» አለ ካታልዶ በመጨረሻ፣ መሬት መሬት እያየ።

«አላገባሁም። አንድ ሰው ጠይቆኛል። እሁድ መልስ ይጠብቃል።»

«ደግ ሰው ነው?»

«ደግ ነው።»

አሱንታ ጠበቀች። አንድ ቃል ብቻ ነበር የምትፈልገው። «አትሂጂ» ቢላት፣ «ቆይ» ቢላት ይበቃት ነበር። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ሳህኑን ከመሬት አነሳና ግንዱ ላይ መልሶ አስቀመጠው። የዓሣዎቹ ራሶች ዓይናቸውን አፍጥጠው አዩዋት።

«እንግዲያው መልካም ጋብቻ» አለ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ቢጮህ ምን ዋጋ አለው?»

«ይኸው ነው? የምትለው ይኸው ነው?»

«ምን ልበል አሱንታ? አንድ ጊዜ ተንከባልዬ እስከዛሬ አልተነሳሁም። ሁለተኛውን አልችልም።»

«ፈሪ!» አለችው። «የባሕር ሰው ደፋር ነው ያለው ማነው? ፈሪ ነህ!»

እናቷን ቀሰቀሰችና ክንዷን ይዛ ሄደች። ወደ ኋላ አላየችም። ብታይ ኖሮ ሰውየው ሳህኑን መልሶ ከግንዱ ላይ ሲያወርድ ታይ ነበር።

ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ስታዘቀዝቅ ሁሉም አውቶቡስ ውስጥ ገባ። አባ ኮስታንቲኖ ሰው እየቆጠሩ ተሳሳቱና እንደገና ጀመሩ። ሳቬሪዮ ታኮዎቹን አንስቶ በእጁ ይዟል። አሱንታ መስኮቱን ተደግፋ ሌላ ሰው እንዳያያት ፊቷን በመሀረብ ሸፍናለች።

«አሱንታ» አለች እናቷ።

«አቤት።»

«ያን ሌሊት ነጎድጓድ ሰምተሽ ነበር?»

አሱንታ መሀረቡን ከፊቷ አወረደች። «የቱን ሌሊት?»

«የቱን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ዓይኔን ጨፈንኩ እንጂ ጆሮዬን አልጨፈንኩም።»

«ሰምቻለሁ... አንድ ጊዜ። ጉርርር ብሎ ወደ ታች ሄደ።»

«እኔም ሰምቻለሁ። መብረቁን አየሽ?»

«አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም» አለች እማማ ሮዛሪያ። «መብረቅ የሌለው ነጎድጓድ ብዬ ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁ። ሞኝ አሮጊት!»

አሱንታ እናቷ ትከሻ ላይ ተደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ደጇ ድረስ መጥቶላት ነበር። በዝናብ ተሸክሞ መጥቶላት ነበር! እሷ ከበሩ ጀርባ ቁጭ ብላ ግንዱ ተንከባሎ ሲሄድ ሰምታዋለች፣ ሰማዩ ያጉረመረመ መስሏት።

«ሳቬሪዮ፣ አስነሳው» አሉ አባ ኮስታንቲኖ።

«ቆይ!»

የጮኸው ከውጭ ነው። ካታልዶ አደባባዩን አቋርጦ እየሮጠ ይመጣል። ትከሻው ላይ ግንዱን ተሸክሟል። ሽርጡን እንኳ አላወለቀም። ከግንዱ የሚወርደው የዓሣ ውሃ ጀርባውን አርሶታል። የሮካልታ ሰዎች ከየመስኮቱ ብቅ ብቅ አሉ፣ ቅድም ስለ ልጣጭ የጮኸችው ሴትዮም ጭምር።

«ካታልዶ፣ አበድክ እንዴ?»

«አዎ አብጃለሁ!»

አውቶቡሱ በር ፊት ደረሰና ግንዱን በጎኑ አጋደመው። ከዚያ ሳቬሪዮን አየው።

«ድንጋይህን አውሰኝ።»

«ሜዳ ላይ?» አለ ሳቬሪዮ፣ ጠዋት የሰማውን ሲመልስለት ጥርሱን እያሳየ።

«ስጠኝ አልኩህ! እባክህ...»

ሳቬሪዮ ሁለቱንም አቀበለው። ካታልዶ ተንበርክኮ አንዱን ከግንዱ በዚህ፣ አንዱን በዚያ በኩል አስደገፈ። በመዳፉ መታ መታ አደረጋቸው። ተነስቶ እጁን ሽርጡ ላይ ጠረገና ቀና አለ።

«አሱንታ! ፈሪ ያልሽው እውነት ነው። አሁንም እፈራለሁ። ግን ይኸው... ደጅሽ ነው።»

አሱንታ ብድግ አለች። ሥርዓቱን ግን ታውቃለች። ግንድ የሚያስገባ ቤተሰብ ነው፣ ልጅቱ አይደለችም። ሁሉም ዓይን እማማ ሮዛሪያ ላይ ዞረ።

እማማ ሮዛሪያ ተነሳች። አንድ አንድ ደረጃ እያለች ወረደች። ግንዱን ዞራ አየችው፣ አሸተተችው፣ ፊቷን አጨማደደች። ምስማሩን፣ የሪባኑን ቁራጭ፣ ፊደሉን ተራ በተራ አየች። ከዚያ ቀሚሷን በትንሹ ሰብሰብ አድርጋ ግንዱን በጫማዋ ጫፍ ገፋችው።

አልተነቃነቀም።

በኃይል ረገጠችው። አሁንም አልተነቃነቀም።

«ይሸታል» አለች።

«አጥበዋለሁ እማማ።»

«ዝም በል፣ አልጨረስኩም። ይሸታል፣ ግን አይሄድም።» ወደ አውቶቡሱ ዞረች። «ምን ትጎለታላችሁ? ወንድ የለም እዚህ? ወደ ውስጥ አስገቡት!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጩኸት እንዴት ልንገራችሁ? ሚኬሊና ከማንም በላይ ጮኸች። ሴትዮዋ ከመስኮቷ አጨበጨበች። አባ ኮስታንቲኖ፣ «ሳይደግስ አይጣላም!» እያሉ እንደ ልጅ ሳቁ። አሱንታ እንዴት እንደወረደች አታውቅም፣ ካታልዶ ፊት ቆማ ራሷን አገኘችው። የዓሣ ሽታው አፍንጫዋን ሞላው። ሰባት ዓመት የሸሸችው ሽታ ነው። ግንባሯን ደረቱ ላይ አስደገፈች።

«ለኮዚሞስ?» አላት በጆሮዋ።

«ራሴ እነግረዋለሁ። ደግ ሰው ነው፣ ከሌላ አፍ ሊሰማው አይገባም።»

«አሁንም ትቀየሚኛለሽ?»

«በጣም።»

«እስከ መቼ?»

«እሁድ ና» አለችው። «እሁድ መጥተህ ጠይቀኝ።»

ግንዱ በመቀመጫዎቹ መሀል ተጋድሞ ተራራውን ወጣ። ሳቬሪዮ ሽታውን እየረገመ መስኮቱን ሁሉ አስከፈተ። በየጥምዝምዙ ግንዱ ሊሄድ ሲል አሱንታ በሁለት እግሯ ትይዘዋለች። ሚኬሊና ላግዝሽ ብትላት እምቢ አለች።

እሁድ ጠዋት ካስታኛራ ሁሉ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። ኮዚሞ ቅዳሜ ማታ ከአሱንታ አፍ ሰምቷል፤ ቅንድቡን በመዳፉ ጠርጎ፣ «እንግዲህ ግንድ ቀድሞኛል» ብሎ ወደ ወፍጮው ተመልሷል። ደወሉ ሊደወል ሲል ያ ጥሩንባ ከታች ተሰማ። ባለ ሦስት እግሯ መኪና እያቃሰተች ዳገቱን ወጣችና የእነ አሱንታ ደጅ ላይ ቆመች።

ካታልዶ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ወረደ። አሱንታ በሩ ላይ ናት፣ እናቷ ከጎኗ። እሱ ግን ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ወደ መኪናው ኋላ ዞረ። ከሮካልታ የጫነውን ትልቅ የባሕር ድንጋይ በሁለት እጁ አቅፎ አወረደ። ተንበርክኮ ጎማው ሥር ታኮ አደረገ። በእግሩ ገፍቶ አየው። ከዚያ ነው ቀና ብሎ ኮፍያውን ያወለቀው።

እማማ ሮዛሪያ ድንጋዩን አየች፣ ሰውየውንም አየች።

«አሁን ግባ» አለችው።